በምን ትጽፋላችሁ? መብራትም ኔትወርክም በሌለበት ማለቴ ነው

መሐል_ሜዳ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ቤቶች። መንዝ፣ መሐል ሜዳ የማስተምር የአማርኛ መምህር ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ልብ ወለድ ጋር እየታገልኩ ነው። ትናንት ማታ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፔም አብሮት ሄደ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሲሰካ ብቻ ነው ነፍስ የሚዘራው። የምሽቱ ሥራዬ፣ ሦስት ገጽ ተኩል፣ ውኃ በላው። በውርጭ ጣቴ እየደነዘዘ፣ ባና ተከናንቤ የጻፍኩት ነው እኮ።

እስካሁን የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ስክሪቭነር የሚሉትን የመጻፊያ ፕሮግራም አውርጄ ለ30 ቀን በነጻ ተጠቀምኩ። ደስ ይላል። ምዕራፉን እንደ ካርታ እያነሱ ቦታ ማቀያየር ነው። ቀኑ ሲያልቅ 60 ዶላር ገደማ ክፈል አለኝ። የኔ ካርድ ደግሞ ከብር ሌላ አያውቅም። ከዚያ አንድ በኢንተርኔት የሚሠራ የማስታወሻ አፕ ያዝኩ። እሱም ዳታ የጠፋ ሰሞን የገዛ ጽሑፌን አላሳይህም ብሎኝ ከረመ።

ልብ ወለድም ሆነ የቀበሌ ሪፖርት የምትጽፉ፣ በምን ነው የምትጽፉት? ሥራ የሚያስጨርስ ነገር ጠቁሙኝ።

ኮድና_ቆሎ · 3:26

አይዞን መምህር። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ኮድ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። በመጀመሪያ ዛሬውኑ ዎርድን ክፈትና ሴቲንግ ውስጥ "አውቶ ሪከቨር" የሚለውን ፈልግ። ካልነካኸው በየ10 ደቂቃው ነው የሚያስቀምጠው። 1 አድርገው። ከዚያም ጣትህን ኮንትሮል ኤስ አስለምደው። እኔ አሁን ቴሌቪዥን እያየሁም ጣቴ ኤስን ይፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ሙሉ ልብ ወለድ በአንድ ፋይል አታስቀምጥ። ለየምዕራፉ አንድ ፋይል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። በጥሬ ጽሑፍ ጻፍ፤ ቅርጽና ጌጥ የሌለው፣ ፊደል ብቻ ማለቴ ነው። ኦብሲዲያን የሚባል አለ፤ በነጻ ነው፣ ፋይሉ አንተው ማሽን ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ፕሮግራሙ ነገ ቢጠፋ እንኳ ጽሑፍህ በማንኛውም ኖትፓድ ይከፈታል። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው የሚወስደው። 60 ሺህ ቃል ብትጽፍ ሙሉው 1 ሜጋባይት አይሞላም። በዘገምተኛ ኔትወርክም ለጓደኛህ ልከኸው ታድራለህ።

አልፎ_ሂያጅ · 3:31

ዕቃ አይጽፍም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዛ፣ እስክሪብቶ ያዝ፣ ቁጭ በል። ባትሪ የለው፣ ዶላር የለው።

መሐል_ሜዳ · 3:40

@አልፎ_ሂያጅ ዘጠኝ ደብተር ሞልቻለሁ ወንድሜ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ማን ይተይበው? ስተይበው ደግሞ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ሁለት ጊዜ ማረስ ሆነብኝ።

አልፎ_ሂያጅ · 3:42

እንደ አዲስ መጻፍህ ነው እኮ ጥሩው። ያለ ሁለተኛ እርሻ ጤፍ የት ታውቃለህ?

(ይኼን ግን አልክደውም፤ ሰውዬው ያለው ልክ ነው። ከደብተር ወደ ማሽን ሳሻግር ያልጣልኩት ገጽ የለም። መሐል_ሜዳ)

እትዬ_ታይፕ · 4:05

ልጆቼ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ የጽሕፈት ቤት አለኝ። ከመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ወጥቼ ነው የከፈትኩት። በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ጀምሬ፣ እስቴንስል ቆርጬ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ከዜሮ ተምሬ እዚህ ደርሻለሁ። ስለዚህ ስለ ዕቃ እንድናገር ፍቀዱልኝ።

የጽሕፈት መኪናውን ያላያችሁ አትፍረዱ። 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ያን ሁሉ የሚችል ቁልፍ የለም። ስለዚህ አንዱን ፊደል መትተን፣ ከዚያ እግሩን ወይ ቀለበቱን ለብቻ እንቀጥልበታለን። ለአንድ "ሎ" ሁለቴ መምታት ነው። ከተሳሳትክ ገጹን በሙሉ። ታዲያ በዚያን ጊዜ የሚያጽፈን ሰው አስቦ ነበር የሚመጣው። ዛሬ የተማሪ መመረቂያ ሲመጣልኝ ፍላሹ ውስጥ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "የእውነት የመጨረሻ"፣ "ይኼን አትሚ እትዬ" የሚል ፋይል አገኛለሁ። ያተምኩት ሁሌም የተሳሳተው ነው።

ስለዚህ ለመምህሩ የምመክረው አንድ ነገር ነው። የፋይሉን ስም በቀን ጀምር። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የምዕራፉ ቁጥር። ያኔ ኮምፒውተሩ ራሱ በሰልፍ ያቆማቸዋል። ሶፍትዌር አያስፈልገውም።

ኮድና_ቆሎ · 4:12

እትዬ ያሉትን ነገር በኛ በኮድ ጸሐፊዎቹ ሠፈር "ጊት" የሚባል ፕሮግራም ይሠራዋል 😄 የቀን ስም መስጠት እንኳ ሳያስፈልግ፣ ማታ ማታ "ኮሚት" ትላለህ፤ ያን ቀን የነበረው እንዳለ ይመዘገባል። ከሦስት ወር በፊት የሰረዝከውን አንቀጽ ሄደህ ማምጣት ትችላለህ። ታሪኩ የሚቀመጠው አንተው ላፕቶፕ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲገኝ ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ ታስቀምጠዋለህ። ጥሬ ጽሑፍ ጻፍ ያልኩህ ለዚህም ነው፤ የዎርድ ፋይል ከሆነ ጊት ምኑ እንደተለወጠ አብጠርጥሮ አያሳይህም።

መሐል_ሜዳ · 4:15

ጊትን እንኳ ለጊዜው አቆየኝ። አንድ ምሽት ሙሉ እሱን ስማር አድሬ ምዕራፍ 11 ይቀራል። የእትዬን ዘዴ ግን አሁኑኑ ጀመርኩ።

ኮድና_ቆሎ · 4:16

እሱም እውነት ነው። እኔ ራሴ አንድ ልብ ወለድ ለመጻፍ ዕቃ ሳስተካክል ሁለት ዓመት ሆነኝ። የጻፍኩት አራት ገጽ ነው። ዕቃው ግን ያምራል።

ሮቢት_ሙቀት · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1:50

እናንተ ባና ስትከናነቡ እኛ ሸዋ ሮቢት ማራገቢያ እንፈልጋለን። እኔ ላፕቶፕም የለኝ። አጫጭር ታሪክ ነው የምጽፈው፣ በስልክ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሽንኩርት እነግዳለሁ። ቁጭ ብዬ የምጽፍበት ሰዓት ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን አንድ መስመር አልጽፍም ነበር።

የምጽፈው በአፌ ነው። ስልኬ ኪቦርድ ላይ የማይክ ምልክት አለ። አማርኛ ላይ አድርጌ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ጎግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው በፈረንጆቹ 2017 ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን ካቻምና ነው። ቡና እየቆላሁ ነው የማወራው። አራት ነጥብ አያደርግም፣ የሰው ስም ያበላሻል። አንዴ "ገብሬ መጣ" ስል "ገበሬ መጣ" ብሎ ጻፈና ታሪኩ በዚያው ቀጠለ። ገበሬው ተሻለኝ፣ ተውኩት።

ከዚያ የተናገርኩትን ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ። ሴቭድ ሜሴጅ። አንድ መልእክት 4,096 ፊደል ነው የሚይዘው፤ በአማርኛ 700 ቃል አካባቢ መሆኑ ነው። ሲሞላ "ምዕራፉ አለቀ" እላለሁ። የሚገርማችሁ፣ ታሪኮቼ አጭር የሆኑት በጥበብ ሳይሆን በቴሌግራም ልክ ነው።

መሐል_ሜዳ · 2:20

እህቴ፣ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ሮቢት_ሙቀት · 2:24

ያኔ ድምፄን ብቻ እቀዳለሁ። እሱ ኔትወርክ አይፈልግም። በኋላ እያዳመጥኩ እጽፋለሁ። ከቀዳሁት ግማሹ ልጄ "እማ ራበኝ" ሲል ነው።

ጋሼ_አንኮበር · 3:00

እንደምን አደራችሁ። ወጣት ሆኜ ቁም ጸሐፊዎች ዘንድ ስላደግሁ ጥቂት ልበል። ከዚያ በኋላ መዝገብ ቤት ነው ያረጀሁት።

አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ መጀመሪያ የበግ ወይ የፍየል ቆዳ ይፋቃል፣ ይወጠራል። ከዚያ በወስፌ ዳርና ዳሩ ይነደላል፣ በቀዳዳዎቹ መካከል መስመር ይሰመራል። መቃው ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ለብቻ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ለብቻ ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ፊደል አልተጻፈም። የተሳሳተ ፊደል በስለት ይፋቃል፤ ደጋግሞ ከተፋቀ ብራናው ይበሳል። ስለዚህ እጅ ከመነሳቱ በፊት ዓይን ሁለቴ ያነብ ነበር።

የናንተ ማሽን ይህን አስቀርቷል። እኔም ደስ ይለኛል፣ በስልኬ እጽፋለሁ። አንድ የማየው ችግር ግን አለ። ቁም ጸሐፊው ብራናው ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ሌላ ምንም የለም። የናንተ ብራና ፌስቡክም አለው።

ኮድና_ቆሎ · 3:11

ጋሼ ነካኩን። ለዚህ የሚሆን ፎከስ ራይተር የሚባል በነጻ አለ። ስክሪኑን በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ሰዓትም ማሳወቂያም አይታይም። የቀኑን ልክ ቃል ትሰጠዋለህ፣ ምን ያህል እንደቀረህ ይነግርሃል። ሌላው ፖሞዶሮ ነው። ፍራንቸስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ሆኖ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ፣ ቲማቲም በመሰለች የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው። 25 ደቂቃ ትጽፋለህ፣ 5 ታርፋለህ። ፖሞዶሮ ማለት በጣሊያንኛ ያው ቲማቲም ነው።

ሮቢት_ሙቀት · 3:15

እኛ ጋ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። አቦል ሳይወርድ እጀምራለሁ፣ በረካ ሲጠጣ አቆማለሁ። ቲማቲም አያስፈልገውም።

አልፎ_ሂያጅ · 3:18

ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ለምን አትጠይቁትም? በአንድ ደቂቃ ምዕራፍ ይሰጣችኋል።

እትዬ_ታይፕ · 3:30

ተማሪዎች ያመጡልኛል እኮ። ገና ሁለት መስመር ሳነብ አውቀዋለሁ። ቃሉ አማርኛ ነው፣ ንግግሩ ግን አማርኛ አይደለም። ተርጓሚ ቢሮ የገባሁ ይመስለኛል። ለእንግሊዝኛ ማመልከቻ ሲሆን ይጠቅማል፣ አልዋሽም።

መሐል_ሜዳ · ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 1:45

ቤቶች፣ ሌላ ጣጣ። ዛሬ አሮጌ ፍላሽ ውስጥ የዛሬ 20 ዓመት ግድም ተማሪ ሆኜ ያስተየብኩት የልብ ወለዱ ጅማሬ ተገኘ። 40 ገጽ! ስከፍተው ግን ነጥብና ቅንፍ የተቀላቀለበት የፈረንጅ ፊደል ሰላጣ ነው። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ተበላሽቷል ማለት ነው?

እትዬ_ታይፕ · 2:02

አልተበላሸም ልጄ፣ ተረጋጋ። እስቲ ልንገርህ። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የኛን ፊደል ያስገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝ፣ በአጋፋሪ በሚባሉ የአማርኛ መጻፊያዎች ነበር የምንጽፈው። እነሱ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው የኛን መልክ ይስሉበታል። ኮምፒውተሩ ኤ ብሎ የሚያውቀውን አንተ "ሀ" ሆኖ ታየዋለህ እንደማለት ነው። ፊደሉ ማሽንህ ላይ ካልተጫነ ልብሱን አውልቆ ኤ ሆኖ ይቀርባል።

ሁሉንም ምረጥና የፊደሉን ዓይነት ከቪዥዋል ግዕዞቹ ወደ አንዱ ቀይረው። ካልተነበበ ፓወር ግዕዙን ሞክር። የተነበበልህ ዕለት ግን ተነበበ ብለህ እንዳትተወው። ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ ካልሆነ መፈለግም፣ በስልክ መክፈትም አትችልም። ፊደሎቹ የለህም መሰል፣ በቴሌግራም ላክልኝ። ድሮ ያስቀመጥኳቸው አሉኝ።

መሐል_ሜዳ · 2:04

እግዜር ይስጥልኝ እትዬ! ሂሳቡስ?

እትዬ_ታይፕ · 2:06

መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ፈርመህ ታመጣለህ። ደብረ ብርሃን ስትወርድ።

መሐል_ሜዳ · ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2:30

እትዬ ልከውልኛል፣ ተነቧል! "ኗ" እና "ቷ" አንዳንድ ቦታ ካሬ ሆነው ቀርተዋል፣ እነሱን በእጄ አስተካከልኩ። የ20 ዓመቱን እኔ ሳነበው አፈርኩም ሳቅሁም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ያኔም ፀሐይ ነው ስሟ።

አሁን ግን አዲሱንና አሮጌውን ላገናኝ ስል ፀሐይ ጠፋችብኝ። "ፀሐይ" ብዬ ስፈልግ ምዕራፍ 3 ላይ የለችም ይለኛል። ምዕራፍ 3 እኮ በሙሉ ስለሷ ነው! ሳየው "ጸሀይ" ብዬ ነው የጻፍኩት። ምዕራፍ 5 ላይ "ፀሀይ"። የአማርኛ መምህር ነኝ፣ ለማንም እንዳትነግሩ።

ኮድና_ቆሎ · 2:41

ለማንም አንነግርም። ግን ቁጠረው፤ ጸ እና ፀ ሁለት ናቸው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት። ልጅቷ በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ 12 ሰው ናት።

ዎርድ ላይ ፈልግና ተካ የሚለውን ክፈት፣ "ዩዝ ዋይልድካርድስ" የሚለውን ምልክት አድርግበት። የሚፈለገው ላይ [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ጻፍ። የሚተካው ላይ ፀሐይ። ቅንፉ "ከነዚህ አንዱ" ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 12ቷንም ይሰበስባታል።

እግረ መንገድህን "፡፡" ብለህ ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድረህ የጻፍከውንም በአንዱ "።" ተካው። ለዓይን አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሌላ።

መሐል_ሜዳ · 3:05

ሠራ! ግን "ፀሐዬ" ያላት ቦታ አልገባም። እናቷ ስታቆላምጣት ሁሌ "ጸሀዬ" ነው የምትላት።

ኮድና_ቆሎ · 3:09

አዎ፣ ይ ወደ ዬ ስለተለወጠች ነው። እንግሊዝኛ ቢሆን ቃሉ እንዳለ ቆሞ ከኋላው ነበር የሚቀጠልበት፤ የኛ ግን የመጨረሻዋን ፊደል ራሷን ይለውጣታል። ይ ን ተዋትና መጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ፈልግ። በፀሐ ተካ።

መሐል_ሜዳ · 3:32

ኧረ ጉድ! ሁሉንም ተካ አልኩት። ልጅቷ በሙሉ ተስተካከለች። ግን ፍቅረኛዋ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው! "ጸሐፊ" የነበረው ሁሉ "ፀሐፊ" ሆኗል። ጸሐፊው፣ ጸሐፊዎች፣ ጸሐፍት። መቶ ምናምን ቦታ።

ጋሼ_አንኮበር · 3:40

ጸሐፊ በጸሎቱ ጸ ነው ልጄ። ፀሐይ በፀሐዩ ፀ። ቁም ጸሐፊው ይህን ከማሳሳት ብራና ቢበሳ ይመርጣል።

ኮድና_ቆሎ · 3:42

ይቅርታ መምህር፣ የኔ ጥፋት ነው። ሁሉንም ተካ ከማለትህ በፊት ቅጂ ያዝ ማለት ነበረብኝ። አሁን ፀሐ[ፊፍፈፎ] ብለህ ፈልግ። ግን ሁሉንም ተካ አትበል! አንድ በአንድ እያየህ እለፍ። ፋይሉን በዛሬው ቀን ስም አስቀምጠኸው ነበር?

መሐል_ሜዳ · 3:44

አስቀምጬ ነበር! የእትዬ ዘዴ። የጠዋቱ ፋይል ሳይነካ አለ።

እትዬ_ታይፕ · 3:50

እሰይ። አንዱን ቅጂ ለኔ ላክልኝ፣ እዚህ ማሽኔ ላይ አስቀምጥልሃለሁ። አንዱን ደግሞ ፍላሽ ላይ አድርገህ ቤት ሳይሆን ትምህርት ቤት መሳቢያህ ውስጥ። እሳትም ሌባም ሁለት ቤት በአንድ ቀን አይገባም።

ሮቢት_ሙቀት · 4:02

ቆይ ግን፣ ፀሐይና ጸሐፊው ይጋባሉ?

መሐል_ሜዳ · 4:10

ምዕራፍ 11 ገና አልተጻፈም እህቴ። ዛሬ እሱን ልጀምር ብዬ ነበር፣ አሁን መብራት ሄደ። ይኼን የምጽፈው በስልክ ነው፣ 9 ፐርሰንት ቀርቶታል። አሥረኛውን ደብተር አወጣሁ። ሻማ እየፈለግሁ ነው።